ወንበሩን ያመጣ ሌላ፣ የሚቀመጥበት ሌላ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ በረዶ ነው። ስለ ቦስተን በረዶ ጠረጋ አይደለም፤ እሱን በክረምቱ ጽፌው ከአራት ሰው በላይ አላነበበልኝም። ስለ ፊገር ስኬቲንግ ነው፤ ሴቶቹ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየዘለሉ፣ አየር ላይ እየተሽከረከሩ የሚወዳደሩበት። «አንተን ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘህ?» ለምትሉኝ፣ ታክሲዬ ናት ያገናኘችኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ባለፈው አርብ፣ ማርች 28 ቀን 2025፣ እዚሁ ቦስተን ቲዲ ጋርደን ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ፍጻሜ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከሎጋን ያመላለስኩትን ጃፓናዊ ብዛት ሳስበው፣ «ቶኪዮ ሰው ቀርቶባት ይሆን?» ያሰኛል። ማታ ውድድሩ ሲያልቅ ኖርዝ ስቴሽን አጠገብ ቆሜ ሁለት ሴቶች ገቡልኝ። አንዷ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ሌላዋ የእህታቸው ልጅ። ሆቴላቸው ኩዊንሲ ነው። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ፖሊስ አንድ አንድ መኪና ነው የሚያሳልፈው።

ያን ምሽት ያሸነፈችው የአሜሪካዋ አሊሳ ሊዩ ናት፤ ከተማው እየጮኸ ነበር። ከ2022 እስከ 2024 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረችው ካኦሪ ሳካሞቶ ሁለተኛ፣ ሞኔ ቺባ ሦስተኛ ወጡ። እንግዶቼ ያዘኑ መስሎኝ በመስታወት ሳያቸው፣ ወይ ፍንክች! በጃፓንኛ እየተሟገቱ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ልጅቷ ወደ እንግሊዝኛ መለስ ብላ «ሁለት ሲደመር ሦስት፣ አምስት!» አለችኝና ሳቀች።

ኢንጂነር የነበረ ሰው ፊት ቁጥር ከጠራህ ዝም አይልም። «የምን ሂሳብ ነው?» አልኩ።

መምህርቷ አስረዱኝ። አንድ አገር ለኦሊምፒክ ቢበዛ ሦስት ሴት ነው የሚልከው። ሦስቱን ለማግኘት በዓለም ሻምፒዮናው የሁለቱ ምርጦች ደረጃ ሲደመር ከ13 መብለጥ የለበትም። ከ14 እስከ 28 ከሆነ ሁለት ወንበር ብቻ ነው። የዚያ ምሽቱ ድምር አምስት ስለሆነ ጃፓን ለ2026ቱ የሚላኖ ኦሊምፒክ ሙሉ ሦስት ወንበር አገኘች ማለት ነው።

«እንግዲያው ሳካሞቶና ቺባ ገቡ፤ አንድ ነው የቀረው» አልኩ።

«አይደለም» አሉኝ። «ወንበሩ የአገር ነው። ያመጣችው ልጅም እንደገና መወዳደር አለባት። በታኅሣሥ ብሔራዊ ሻምፒዮና አለ፤ አንደኛ የወጣችው በቀጥታ ትገባለች። የቀሩት ሁለቱ በዚያ ውድድር ደረጃና በዓመቱ ውጤት ተመዝነው ይመረጣሉ። መስፈርቱም አስቀድሞ ተጽፎ ይወጣል።»

ወገኖቼ፣ ይሄ የኛው የሩጫ ጉዳይ ነው። አሥር ሺህ ሜትር ላይ ሦስት ሰው ብቻ እያልን በየአራት ዓመቱ የምንጨቃጨቀው። ታምራት ቶላን ነገርኳቸው፤ በ2024 ለፓሪስ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ ገባና በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው «አይቻለሁ» አሉ። ለካ ለጃፓናዊ ስለ ማራቶን አይነገርም።

ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ልጅቷ፣ ሳካሞቶና ቺባ የማይነኩ ናቸው፣ ሦስተኛዋም ዋካባ ሂጉቺ ትሁን ትላለች። አክስትየው «በታኅሣሥ የማይነካ የለም» ይላሉ። እሳቸው ዓይናቸውን የጣሉት አሚ ናካይ በምትባል ልጅ ላይ ነው። ለሚላኖ የምትወዳደር ከጁላይ 1 ቀን 2025 በፊት 17 ዓመት ሊሞላት ይገባል፤ ናካይ የተወለደችው ሚያዝያ 2008 ስለሆነ በሁለት ወር ታልፋለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን የሆነችው ማኦ ሺማዳ ግን የጥቅምት መጨረሻ ልጅ ናት። በአራት ወር ቀረች።

ሴትዮዋ እዚህ ላይ ተነፈሱ። «ስሟን ያወጡላት በማኦ አሳዳ ነው» አሉኝ። አሳዳ በታኅሣሥ 2005 ቶኪዮ ላይ የግራንድ ፕሪ ፍጻሜውን፣ የዓለም ምርጦች ባሉበት፣ አሸነፈች። ለቱሪን ኦሊምፒክ ግን በ87 ቀን ዕድሜዋ አልደረሰም። ጃፓን ያኔም ወርቁን በሺዙካ አራካዋ አገኘች፤ ሴትዮዋ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል አሁንም 87ቱን ቀን ይቆጥራሉ። ሁለት ማኦ፣ ሁለቱም በልደት ቀን።

ከዚያ የዩካሪ ናካኖን ነገር አነሱ። ለቱሪን ምርጫ በተደረገው ብሔራዊ ውድድር አምስተኛ ወጣች፤ በነጥብ ድምር ስሌት ግን ስድስተኛ የወጣችው ሚኪ አንዶ ተመረጠች። አራት ዓመት ጠብቃ በታኅሣሥ 2009 ኦሳካ ላይ ለቫንኩቨር ተወዳደረች። አንዶ አስቀድማ ገብታ ስለነበር የቀረው ሁለት ወንበር ነው። ማኦ አሳዳ አንደኛ፣ አኪኮ ሱዙኪ ሁለተኛ፣ ናካኖ ሦስተኛ። በሱዙኪና በናካኖ መካከል የነበረው ልዩነት 0.17 ነጥብ ነው። ሁለቱም ወደ 196 ነጥብ ነው ያመጡት። በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። እኛ ድልድይ ስንሠራ ለኮንክሪት እንኳ በዚህች ልክ አንጣላም።

«ምን ሆነች ታዲያ?» አልኩ።

«ውድድር ተወች። አሁን አሠልጣኝ ናት። ያቺ አሚ ናካይ ያልኩህ የእሷ ተማሪ ናት» አሉኝ። ልጅቷ እየሳቀች «አክስቴ ለዚህ ነው የምትደግፋት» አለች። እሳቸውም አልካዱም።

ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የነገሩኝ ነው። በ2017 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሳቶኮ ሚያሃራ ተጎድታ ቀረች። የጃፓንን ሸክም ሁለት ልጆች ተሸከሙት፤ ማይ ሚሃራ አምስተኛ፣ ዋካባ ሂጉቺ አሥራ አንደኛ። ድምሩ 16 ነው፤ ሁለት ወንበር። ሦስት አልሆነም፣ ግን ያሉትን ሁለቱን ያመጡት እነሱ ናቸው። በታኅሣሥ ምርጫው መጣ። ከጉዳት የተመለሰችው ሚያሃራ አንደኛ፣ ገና ወደ አዋቂዎቹ ያደገችው ሳካሞቶ ሁለተኛ። ሂጉቺ አራተኛ፣ ሚሃራ አምስተኛ። ወንበሩን ካመጡት ሁለቱ አንዷም ፒዮንግቻንግ አልሄደችም።

ሂጉቺ በሦስተኛው ወር ሚላኖ ላይ የዓለም ሻምፒዮናን ብር ወሰደች፤ ለ2026ቱ ኦሊምፒክ በተመረጠው በዚያው አዳራሽ። በ2022ም ቤጂንግ ገብታ ተወዳደረች። ሚሃራ ግን ለቤጂንግም በብሔራዊው አራተኛ ወጥታ ቀረች፤ በወሩ አራቱ አህጉራትን አሸነፈች፣ በዓመቱ መጨረሻም ቱሪን ላይ የግራንድ ፕሪ ፍጻሜውን።

«ሚሃራና ሳካሞቶ የኮቤ ልጆች ናቸው» አሉ ሴትዮዋ። «ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሠለጠኗቸው አንዲት ሴት ናቸው፣ ሶኖኮ ናካኖ፤ ሌላዋ ናካኖ። ከምርጫውም በኋላ የሚለማመዱት እዚያው በረዶ ላይ ነው። አንዷ ሄደች፣ አንዷ ቀረች፤ ግን በረዶው አንድ ነው። ጓደኛሞች ናቸው።»

መሪዬን ጨብጬ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ያጠፉ መሰላቸው መሰለኝ፣ ከቦርሳቸው የሩዝ ብስኩት አውጥተው ሰጡኝ። ወተት እንደሌለበት ጠይቄ፣ አመስግኜ ተቀበልኩ። ሁዳዴ ነው። ጾም ይዣለሁ። ከጾሙ ጋር ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ይዣለሁ፤ እሱን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በድልድይ ዲዛይን እሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። እኔና አንድ ሌላ ባልደረባዬ ስምንት ወር እያመሸን ያረጁ ድልድዮች ጥናት አዘጋጀን። በዚያ ጥናት ምክንያት ለክፍላችን የውጭ አገር ትምህርት መጣ፤ ሁለት ወንበር። አመለከትን፣ ሌሎችም አመለከቱ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔም የለሁ፣ ባልደረባዬም የለ። መስፈርቱ ምን እንደነበር ስጠይቅ ኃላፊው «ተወስኗል» ብሎኝ ስልኩን አነሳ።

ከተመረጡት አንዱ ጓደኛዬ ነበር። ጓደኛ ስላችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ጀምሮ አብረን፣ ገርጂ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር። እናቱ ከደብረ ብርሃን በየወሩ ዳቦ ቆሎ በጣሳ ይልኩልን ነበር፤ «ለሁለታችሁ» ብለው። እሱ ምን አጠፋ? እንደኔው አመለከተ፣ ስሙ ወጣ። እኔ ግን ኃላፊውን መናገር ስላልቻልኩ እሱን ተናገርኩት። የማይነገር ተናገርኩት። በወሩ መጨረሻ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሲሄድም አልሸኘሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም በዲቪ እዚህ መጣሁ። ልብ በሉ፣ ዲቪ ማለት ማንም ያልመዘነው ዕጣ ነው! ያለ አንድ ዝላይ ወንበር ያገኘሁት እኔ፣ ተወዳድሮ ባገኘ ሰው ላይ ቂም ይዤ ተሳፈርኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እናቱ ማረፋቸውን እዚህ ሆኜ ሰማሁ። ለቅሶ መድረስ ባልችል ስልክ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ዳቦ ቆሏቸውን የበላሁ ሰው «እግዜር ያጽናህ» አላልኩትም። ይህን ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን እናንተ ጋር ነው የምታነበው።

እንግዶቼን ኩዊንሲ አወረድኩ። ሴትዮዋ ሲወርዱ «በታኅሣሥ ውጤቱን እይ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ሆቴሉ በር ላይ መኪናዬን አቆምኩና ሰዓቴን አየሁ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ጠዋት አንድ ሰዓት። ቁጥሩን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጋራ ወዳጃችን ልኮልኝ ነበር። ደወልኩ።

ሲያነሳው ስሜን ነገርኩትና ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣ ስላለኝ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቼ። ዝም አለ። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ አየሁት፤ አልተዘጋም። ቆይቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። እንደገና ዝም አለና «ጣሳውን ይዘህብኝ ሄደሃል፤ እማዬ ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ መሰለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስወጣ በችኮላ ከዕቃዬ ጋር ወስጄው ነበር። የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ መሳቁን ተውኩ።

ታረቅን ብዬ አልዋሻችሁም። ለፋሲካ እንደምደውልለት ነገርኩት፣ «እሺ» አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ስልክ አይዘጋም። ስለዚያ ኃላፊ ያለኝ ሐሳብም አልተለወጠም፤ መስፈርት ሳትለጥፍ ስም ብቻ የምትለጥፍ ከሆነ፣ ጓደኛሞችን አጣልተህ አንተ ቢሮህ ውስጥ ሻይህን ትጠጣለህ። ጃፓናውያኑ 0.17ቱን ሃያ ዓመት ቢያወሩበትም ቁጥሩን ያውቁታል፣ የተለካበትንም ያውቁታል። እኔ የማወራበት ቁጥር እንኳ አልነበረኝም። ይሄ ግን ያን ኃላፊ እንጂ ጓደኛዬን አይከስም። ይህን ለማወቅ ከኮቤ የመጣ ወሬ አስፈለገኝ።

በታኅሣሥ የጃፓንን ብሔራዊ ሻምፒዮና እከታተላለሁ። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ከጠየቃችሁኝ፣ አራተኛ የምትወጣዋ ደጋፊ ነኝ፤ ማን እንደምትሆን ገና ባይታወቅም።

እናንተም ያልደረሳችሁት ለቅሶ ካለ፣ ቁጥሩ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ጾሙ ሳያልቅ ደውሉ። ጣሳ ያለባችሁም መልሱ።

መልካም ሌሊት። ነገ ማለዳ ሎጋን ነኝ።