ከባልቲሞር ወደብ እስከ ሳሎናችን፦ የመጀመሪያው የባሕር ውኃ ገንዳችን

እናቴ ባለፈው ታኅሣሥ ከባሕር ዳር መጥታ ስድስት ወር ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ዋሽንግተንን አሳየናት፤ ሙዚየሞቹንም ጎበኘች። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ግን የምንሄድበትን ቦታ እንድትመርጥ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ተውንላት። እሷም ሳታስብ «ባልቲሞር! አኳሪየም!» አለች።

እኛ ካለንበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብሔራዊው አኳሪየም በ1981 ተከፈተ። የሚገኘውም ኢነር ሃርበር በሚባለው ወደብ ላይ ነው። ጣሪያው የመስታወት ፒራሚድ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። በዚያ ብርዳማ ቀን ከውጭ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ውስጡ ግን ሞቃት ነው።

ልጄ የመጣችው ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። ከልደትና ከገና ስጦታ ያጠራቀመችው 210 ዶላር ነበራት። በዚያ ገንዘብ የባሕር ዓሦች የሚኖሩበት ገንዳ ገዝታ ሳሎናችን ውስጥ ማስቀመጥ ትፈልጋለች። ስለዚህ በየመስታወቱ ፊት እየቆመች ምርጫዋን በወረቀት ትጽፍ ነበር።

ከሁሉም በላይ የቆየንበት በ2013 የተከፈተው የሻርኮቹ ገንዳ ነው። ወደ 1 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይዟል። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ሻርኮች ዝም ብለው ይዞራሉ። እናቴ ሻሟን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያም «ይኼ አንዱ ብቻ ለስንት ሰው ወጥ ይበቃል?» አለችኝ። አትፍረዱባት። በጣና ዳር ያደገ ሰው ዓሣን የሚያውቀው በመረብ፣ በድስትና በመጥበሻ ነው።

ልጄ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ይህን ሁሉ የባሕር ውኃ ከየት አመጡት?» ብላ አንዷን ሠራተኛ ጠየቀች። መልሱ ሁላችንንም አስገረመን። ከወደቡ አልቀዱትም፤ ንጹሕ ውኃና ጨው ቀላቅለው ራሳቸው ያዘጋጁታል። በሻርኮቹ ገንዳ ውስጥ የምናያቸው ያማሩ ኮራሎችም በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እነሱ ጨው ቀላቅለው ከሠሩት፣ እኔም እችላለሁ ማለት ነው!» አለች።

«ዛሬ ዓሣ አልሸጥላችሁም»

ወደ ቤት ስንመለስ የባሕር ዓሣ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባን። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ፈርቼ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ ሱቅ አንድ ወርቃማ ዓሣና ትንሽ ክብ ገንዳ በአንድ ቀን ገዝተን ነበር። ዓሣው በስምንተኛው ቀን ሞተ። ልጄ ምን እንዳጠፋች ስትጠይቀኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ባለሱቁ ሽበታም ሰው ነው። ልጄ ወረቀቷን ዘረጋችለት። አነበበው፤ ፈገግም አለ። ከዚያ ግን «ዛሬ ዓሣ አልሸጥላችሁም» አለን። የልጄ ዓይን እንባ ሞላ። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንዲህ ሲል አስረዳት።

ዓሣ ሲበላና ሲጸዳዳ በውኃው ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በባሕር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት የሚገባ ዓሣ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ወርቃማው ዓሣ ለምን እንደሞተ ያን ጊዜ ገባን።

ባለሱቁ ስለ ምርጫም መከረን። ጀማሪ ሰው ትንሽ ገንዳ የሚቀልለው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ውኃው ሲያንስ ሙቀቱም ጨውም ቶሎ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከ20 ጋሎን እንዳናሳንስ ነገረን። 20 ጋሎን 75 ሊትር ያህል ነው። ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር ከ100 ኪሎ ስለሚበልጥ ጠንካራ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል።

ከልጄ ዝርዝር ውስጥ ሰማያዊውን ታንግ ሰረዘው። ይህ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ቢሆንም፣ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ለመዋኛ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ማንዳሪን የሚባለውንም ሰረዘ፤ እሱ በአዲስ ገንዳ ውስጥ የማይገኙ ጥቃቅን ሕያው እንስሳትን ይበላል። የቀሩት ሁለት ክላውን ዓሦች ናቸው። ከባሕር የተያዙ ሳይሆኑ በሰው እጅ የተራቡትን እንድንመርጥ መከረን፤ የገንዳ ኑሮና ምግብ ስለለመዱ ጠንካሮች ናቸው።

የቤታችን እቁብ

ማታ ልጄና እኔ ወጪውን ጻፍን። በእኛ አካባቢ ያገኘነው ዋጋ ይህን ይመስላል።

ገንዳና ማስቀመጫ፦ 150 ዶላር
አሸዋና ደረቅ ድንጋይ፦ 105 ዶላር
ማሞቂያ፣ ውኃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕና የገንዳ ማጣሪያ፦ 95 ዶላር
አንድ ባልዲ የባሕር ጨው፦ 50 ዶላር
የጨው መለኪያና የውኃ መመርመሪያ፦ 65 ዶላር
የቧንቧ ውኃ ማጣሪያ፦ 80 ዶላር
መብራት፦ 100 ዶላር
ሁለት ዓሦችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፦ 85 ዶላር

ድምሩ 730 ዶላር ሆነ። ዋናዎቹ፣ ማለትም ዓሦቹ የወሰዱት ከድምሩ ጥቂቱን ብቻ ነው! የሚከፈለው ለቤታቸው ነው።

520 ዶላር ጎደለን። እናቴ ቡናዋን ፉት እያለች «ለዓሣ?» አለች። እኔም ልቤ ከፈል ብሎ ነበር። በየወሩ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሲያወጣ እጁ ይያዛል። ከምንልከው ላይ አንድ ዶላር እንደማልነካ ለልጄ በግልጽ ነገርኳት።

መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ እናቴ ናት። «እቁብ ጣሉ» አለች። እቁብ ሰዎች በየጊዜው እኩል ገንዘብ አዋጥተው፣ ዕጣ የወጣለት የሚወስድበት ማኅበር ነው። በቤታችን እቁብ ግን መዋጮው እንደ አቅም ነው፤ ዕጣውም ሁልጊዜ የሚወጣው ለገንዳው ነው። እኔ 60፣ ባለቤቴ 40፣ ልጄ ከኪስ ገንዘቧ 20 ዶላር በየወሩ አዋጣን። እናቴም «እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?» ብላ 10 ዶላር ጨመረች። ከመጋቢት እስከ ሰኔ አራት ወር፣ በወር 130 ዶላር፤ የጎደለው ሞላ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት አያስፈልግም። ኮራል ስላልነበረን መብራቱን መጨረሻ ላይ ገዛነው። ገንዳው ሥራ ከጀመረ በኋላም ለጨው፣ ለምግብና ለመብራት ኃይል በወር 30 ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ አስቀድመን አስበንበታል።

በግንቦት አጋማሽ ውኃ ሞላን። በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይገባል። የቧንቧውን ውኃ ያጣራነው ክሎሪንና ሌሎች ዓሣን የሚጎዱ ነገሮች ስላሉት ነው። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረግነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውኃው ጎደል አለ። ልጄ የጨው ውኃ ልትጨምር ስትል እናቴ አስቆመቻት። «ይኼማ እንደ አፋር ጨው ነው! ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል።» ልክ ነበረች፤ በትነት የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ውኃ ነው።

ከዚያም ስለ አሞሌ አወራችልን። የአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ነበር። ባሕሩ ሲደርቅ ጨው ተረፈ። ሰዎች ያንን ጨው እየጠረቡ በግመል ይጭኑታል፤ ጥርቡም አሞሌ ተብሎ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። «ጨው ገንዘብ ነበር?» አለች ልጄ። «የእኛ ቤት ደግሞ ገንዘቡ ጨው ሆኗል» አልኩ።

የመጨረሻው ሳምንት

የእናቴ በረራ በሰኔ አጋማሽ ነበር። የአሞኒያው ምርመራ ቢጫ ሆኗል፤ ይህ ማለት አሞኒያ የለም ማለት ነው። ናይትራይቱ ግን ገና አልጠፋም። ልጄ «እማማ ሳትሄድ ዓሦቹን እንግዛ! አንድ ሳምንት ምን ይለዋል?» ብላ ለመነችኝ። እኔም ልስማማ ትንሽ ቀረኝ። እናቴ ግን እምቢ አለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለቻት። «ለእኔ ብለሽ አትግደያቸው።»

ስለዚህ እናቴ ድንጋይና ውኃ ብቻ ያለበትን ገንዳ ተሰናብታ ሄደች።

ሁለቱ ክላውን ዓሦች የገቡት በሐምሌ መጀመሪያ፣ ምርመራው ሁሉ ሲስተካከል ነው። በዚያው ቀን በቪዲዮ ደወልን። ልጄ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግታ አሳየቻት። ክላውን ዓሦች ሁሉ ወንድ ሆነው እንደሚጀምሩ፣ ከጥንዶቹ ትልቁ በኋላ ሴት እንደሚሆንም ነገረቻት። «ትልቋን እማማ ብያታለሁ» አለቻት።

እናቴ ዝም ብላ አየች። ከዚያም «እነዚህማ ለወጥ አይበቁም» አለች።

«እንኳንም አልበቁ!» አለች ልጄ።