ሕልምና ፈቺው

አዳማ ላይ ቀትር ሲሆን በሥራ ገበታዋ ላይ የምትገኘው ፀሐይ ብቻ ናት። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ነፋሱም ቢሆን አቧራ እንጂ ቅዝቃዜ ይዞ አይመጣም። በዚህ ሰዓት ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ጋደም ይላል፤ ግማሹ ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ይሰየማል። ሁለቱም ወገን ሲነሣ ሐሳብ ይዞ ይነሣል። በምርቃና ስንት ሆቴል እንደተገነባ፣ ስንት ፊልም እንደተቀረጸ፣ ስንት መኪና የመቂ ሽንኩርት ዱባይ እንደገባ ቤቱ ይቁጠረው። የጨብሲው ቢራ ሲከፈት ሆቴሉም ይፈርሳል፣ ሽንኩርቱም እመንገድ ይቀራል።

ጋደም ብሎ የተነሣው ሰው ሁኔታ ግን ለየት ይላል። «አሰብኩ» አይልም፤ «ታየኝ» ነው የሚለው። የመረቀነው በሐሳቡ ይኮራል፤ ያለመው በሐሳቡ ግራ ይጋባል። እኔ ለፈጠራ የሚበጀው ይኸው ግራ መጋባት ነው ባይ ነኝ። ሕልም መልስ ሲሰጥ ብዙም አላየሁም፤ የሚሰጠው እንቆቅልሽ ነው። «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚቀበለው ካላገኘ ደግሞ እንቆቅልሹ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ከግሸን የበለጠ ምስክር አላውቅም። መስከረም ሊገባደድ ሲል ከአዳማም ሆነ ከየስምጥ ሸለቆው ከተማ ምእመናን አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ወሎ ይገሰግሳሉ፤ የመስከረም 21ን በዓል ለመድረስ። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከግብፅ የመጣው ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ ሳለ ንጉሡ በሕልማቸው መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩት ታዘዙ። ትእዛዙ ይህችው ናት፤ ቦታ የለም፣ አቅጣጫ የለም። አልጋቸው ላይ ሆነው ሊፈቱት አይችሉም ነበርና አገር ለአገር ተፈለገ። በመጨረሻ አምባሰል ውስጥ መስቀለኛ ቅርጽ ያለው አምባ ተገኘ። ሕልሙን ያዩት ንጉሡ ናቸው፤ አምባውን ያገኘው ግን የፈላጊው እግር ነው። የቅዱስ ላሊበላም ገድል ከዚህ አይርቅም። መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደሞተ ሰው በተኛበት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱን በሰማይ አየ ይባላል። የነቃ ዕለት ግን ዐለቱ እንደ ዐለትነቱ ነበር። 11ዱን የፈለፈላቸው መሮ ነው።

የሚገርመው፣ ያው ግሸን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በእንግሊዛዊ ሕልም ውስጥ ብቅ ማለቱ ነው። ገጣሚው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1797 አሞት ኦፒየም ይወስድና የሩቅ አገሮችን ወሬ የያዘ የቆየ መጽሐፍ እያነበበ እንቅልፍ ይጥለዋል። በእንቅልፉ ከ200 የማያንስ መስመር ግጥም እንደወረደለትና ነቅቶ መጻፍ እንደጀመረ ራሱ ተርኮታል። «ኩብላ ካን» የሚባለው ግጥም ነው። በውስጡ አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ ባለ አውታር መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ ታዜማለች። ግጥሙ በ1816 ሲታተም ተራራው አቦራ ተባለ፤ በእጅ ጽሑፉ ላይ ግን የሚነበበው አማራ ነው። የአማራ ተራራ ደግሞ የዚያ ዘመን አውሮፓውያን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ምድራዊ ገነት እያሉ ያወሩለት የነበረው የኛው ግሸን ነው። ኮልሪጅ አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ሕልሙ የቀዳው ሲያነበው ከኖረው ነው።

ታዲያ ግጥሙ 54 መስመር ላይ ተቋረጠ። ኮልሪጅ እንደሚለው ፖርሎክ ከምትባል መንደር አንድ ሰው ለጉዳይ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ያዘው፤ ወደ ጽሑፉ ሲመለስ የቀረው እልም ብሏል። ይህ ስሙ ያልታወቀ ባለጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ ይወቀሳል። ኮልሪጅ አዳማ ቢኖር ኖሮ 54ቱም መስመር ባልተረፈው! እዚህ ጠዋት የዕቁብ ሰብሳቢ ይመጣል፣ ቆጣሪ አንባቢ ይመጣል፣ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» የሚል ሕፃን በር ሳያንኳኳ ይገባል።

ግን ልብ እንበል፤ እኛ ዘንድ እንግዳው ሕልም አባራሪ ሳይሆን ሕልም ተቀባይ ነው። ቡና ላይ «ሕልም አየሁ» ሲባል አንዷ «በጎ ያድርገው» ትላለች፣ አጠገቧ ያለችው «ኸይር ነው» ትላለች። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ወንዙን ተሻገርሽው? ውሃው ድፍርስ ነበር ጥሩ? ማን አብሮሽ ነበር? ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚባለውን አንዳንዱ የሟርት ነገር ያደርገዋል። እኔ የሙያ ምክር አድርጌ ነው የምወስደው።

ከጋሞ ደጋ መጥቶ አዳማ የከተመ አንድ ሸማኔ አውቃለሁ። ደንበኞቹ የሚመጡት የጥለት ፎቶ በስልክ ይዘው ነው፤ የሰው ጥለት ሲገለብጥ ይውላል። አንድ ሌሊት ውሃ የሚመስል ጥለት አየ፤ ሰማያዊና ወርቃማ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ። ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሳባውን እያስገባ ቢሞክር አልሆነም። ድር ቁልቁል፣ ማግ አግድም ነው የሚሄደው፤ ክር ደግሞ እየተቆጠረ እንጂ እንዳሻው አይጠማዘዝም። ሲሠራ ሲፈታ ውሎ ማምሻውን ሚስቱ ብቅ አለችና «ይሄ እባብ ነው ውሃ?» አለችው። መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ከዚያ ጥምዝምዙን ትቶ፣ ክር እየቆጠረ ደረጃ በደረጃ ሰብሮት ትናንሽ ጌጥ አደረገው። አሁን ነጠላው ሲወዛወዝ ውሃው ይፈስሳል። ጥለቱ በሕልሙ ካየው ጋር አይመሳሰልም፤ የማንም ግልባጭ ግን አይደለም።

ሳይንሱም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ኦቶ ለዊ የተባለው ሐኪም ግራዝ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ ሲኖር አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ ያየውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጭራል። ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። ደግነቱ ሐሳቡ በማግስቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ወረቀት አላመነም፤ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። የአንዱን እንቁራሪት ልብ ነርቭ ነካክቶ ምቱን ካዘገየ በኋላ ልቡ ያረፈበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ አዛወረው። ሁለተኛውም ልብ አዘገመ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያስተላልፍ የታወቀው እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ሰዎች ሲያወሩት ሌሊቱን ብቻ ነው የሚያነሡት። ሰውየው ግን የኬሚካሉ ሐሳብ ወደ አእምሮው ከገባ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። እንቁራሪት የማያውቅ ሰው ያንኑ ሕልም ቢያይ፣ ሲነጋ ሆዱን ስለከበደው እራት ነበር የሚያማርረው።

ሕልም አለ ተብሎ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። በበኩሌ፣ ሕልም አለ ተብሎም ሳይሠራ አይዋልም የሚል ብጨምርበት ደስ ይለኛል። እኛ ሕልም በማየት አንታማም፤ በመፍታትም እንዲሁ። የሚጎድለን ከፍቺው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። ነገ ጠዋት ጎረቤትዎ ቡና ላይ «አንድ ሕልም አየሁ» ካለዎት «ኸይር ነው» ይበሉት፤ ደግ ነው። ከሁለተኛው ስኒ በፊት ግን «ታዲያ ምን ልትሠራበት አሰብክ?» ብለው ይጠይቁት። ዝም ካለ፣ ቢያንስ ቡናውን ጠጥቷል። መልስ ካለው ግን ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ይሸኙት።