ለሦስት ወር ሕፃን የተሠራች ሹራብ

እናታችን ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ የሠራቻት ሹራብ ከጅጋ ተነስታ አዲስ አበባ የገባችው ሕፃኗ አንደኛ ዓመት ልደቷን ባከበረች በሳምንቱ ነው። ሹራቧ ደግሞ ለሦስት ወር ሕፃን የተሠራች ነበረች። ብንሞክር፣ ብንስብ፣ ብንለማመጥ፣ የልጅቷን ጭንቅላት እንኳ አላሳልፍ አለች። ሕፃኗ አለቀሰች። ትንሽ ቆይቶ እኛም ለማልቀስ ዳር ዳር አልን።

እኛ ስንል ሦስት ነን። ትልቋ እኅታችን (እታለም ነው የምንላት፤ የሕፃኗ እናት እሷ ናት)፣ መካከለኛዋ እኅታችንና የቤቱ ጥፋት ሁሉ በስተመጨረሻ የሚላከክበት ወንድማችን። ይኼን ጽሑፍ የሚተይበው አንዳችን ቢሆንም ሁለቱ ከኋላ ቆመው «እሱን አውጣው፣ ይኼን ጨምር» እያሉ ስለሆነ «እኛ» ማለቱ ይሻላል።

ጅጋን የማታውቁ ካላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ አልፎባታል። ብቻ አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው ያለፈው።

እዚያች ከተማ ውስጥ የኛ ቤት በአንድ ነገር ይታወቃል፤ በእጅ ሥራ። እማዬ ኪሮሽ ከእጇ አይለይም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የሶፋው ክንድ ለብሷል፣ የውኃው ጆግ ዳር ዳሩ ጨሌ የተንጠለጠለበት ክዳን ደፍቷል። ትራሳችን ላይ «ደህና እደሩ» የሚል ጥልፍ ስለነበር ጧት ስንነሳ ፊደሉ ጉንጫችን ላይ ታትሞ ይገኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ስታርች ተደርጎ ይዘረጋል። እኛ አንዳንዴ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ ለብሰን እንቆማለን፤ ቴሌቪዥኑ ግን ምንጊዜም ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ነበር።

ሞያውን የተማረችው በደርግ ዘመን ፍኖተ ሰላም ተማሪ እያለች በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ኪሮሽ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበራት የመጀመሪያውን ከብስክሌት ራጂ አሠራች። ጫፉን አንድ ብረት ሠሪ አሞርሙሮ፣ ቆልመም አድርጎ ሰጣት። ያ ራጂ ዛሬም አለ። ሹራብ የምትሠራባቸው ሁለት ረጃጅም መርፌዎች በኋላ የተገዙ ናቸው፤ እነሱን ለማንም ታውሳለች፣ ራጂውን ግን አታውስም።

ነገሩን ለመረዳት የሰፈሩን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በኛ አገር የሴት ሞያ ሲባል በቅድሚያ ፈትል ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ድሩ ቀጠን ብሎ ጠንካራ፣ ማጉ ወፈር ብሎ ለስላሳ መሆን አለበት። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል በቡና ሰዓትና በማታ ጨዋታ ወራት ይፈጃል፤ ከዚያም ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ክር ይበላል። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ጋቢ ፈትላ ስታለብስ፣ ያ ጋቢ ብዙ ነገር ይናገራል።

እማዬም ትፈትላለች። ግን ልቧ ሹራብ ላይ ነው። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ላይ ይስቁባት ነበር አሉ። «ድርና ማግ የሌለው ምን ልብስ ይባላል?» እውነታቸውን ነው፤ ሹራብ ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ነው፤ እየተቆለፈ፣ እየተቆለፈ የሚሄድ። ጫፉን አግኝቶ የሳበ ሰው እስከ መጨረሻው ይተረትረዋል። እማዬ ታዲያ «ደግነቱስ እሱ አይደል! ልጁ ሲያድግ ተርትሬ አሳድገዋለሁ። ጋቢ ይተረተራል?» ትላቸዋለች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በሰፈሩ አንዲት ሴት ወለደች ሲባል እማዬ ገንፎ ለመብላት ስትሄድ ኮፍያና ካልሲ ይዛ መሄድ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የተወለደ ሕፃን ሁሉ በሷ ኮፍያ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። በምላሹ ድልህ ይመጣል፣ ዕንቁላል ይመጣል፣ በመኸር ጊዜ እሸት በቆሎ ይመጣል። አንድ ጊዜ «ለምን አትሸጪውም?» ብለን አማከርናት (አዲስ አበባ ገብተን ቢዝነስ የገባን መስሎን ነው)። «ልሽጠው ብል ስንት ሌሊት ብዬ ነው ዋጋ የምጠራው?» አለችን። ሒሳቡን ሞከርነው። ለአንዲት የሕፃን ሹራብ አሥራ ሁለት ማታ። በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ብናስበው መርካቶ ውስጥ አምስት ሹራብ ይገዛል። ዝም አልን።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዝ።

በ1999 ዓ.ም. ወንድማችን ስድስተኛ ክፍል እያለ እማዬ ሹራብ ሠራችለት። አረንጓዴ፣ አንገተ ረጅም። ክሩ ቀጭን ስለነበር ከቀይ ክር ጋር ደርባ ነበር የሠራችው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ቀዩ ከአረንጓዴው ሥር ብልጭ ብልጭ ይላል። ሐምሌን የሚመክት ሹራብ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ክብር ያለው ገበያ ላይ በሚገዛው ልባሽ ጃኬት ነበር፤ በተለይ ጀርባው ላይ ማንም ያላነበበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት። ትምህርት ቤት በደረሰ በመጀመሪያው ቀን አንዱ ጓደኛው «የቴሌቪዥን ልብስ ለብሶ መጣ» አለው። አለቀለት። ስሙ እስከ ስምንተኛ ክፍል «ቴሌቪዥን» ሆኖ ቀረ።

ሹራቡን ጎተራው ሥር ደበቅነው። አዎ፣ ሦስታችንም። እታለም ሐሳቡን አመጣች፣ መካከለኛዋ በር ጠበቀች፣ ወንድማችን አስገባው። ለእማዬ «ትምህርት ቤት ጠፋብኝ» አላት፤ እኛም መሰከርን። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ «ይሁን፣ ያገኘው ይሙቀው» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። በሳምንቱ ልባሽ ጃኬት ተገዛለት።

አሁን ወደ ሕፃኗ እንመለስ። በኛ ወግ ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ አራስ የምትጠይቃት፣ ገንፎውን የምታገነፋላት፣ የምታጥባት እናቷ ናት። እማዬ ለዚህ ቀን ቅቤውን ከዓመት በፊት አንጥራ አስቀምጣ ነበር። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዘጠነኛው ቀን፣ ነሐሴ 7፣ ፍኖተ ሰላም ከአየር ተደበደበች፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ። ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሳምንት ይዘጋል። እታለም ኅዳር 2016 ዓ.ም. ወለደች። እማዬ አልመጣችም። ገንፎውን ያገነፋችው የኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን ናት። እግዜር ይስጣት፤ ግን እታለም አንድ ማንኪያ ቀምሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ፎቶ መላክ አይቻልም። የድምፅ ስልክ ሲሠራ ግን እማዬ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«ደረቷ ስንት ነው?»

«በሴንቲ ሜትር ነው?»

«ሴንቲ ሜትር ምን ያደርግልኛል፣ በስንዝር ንገሩኝ።»

«ሁለት ስንዝር ከምናምን።»

«በማን ስንዝር?»

«በእታለም።»

«ውይ፣ የሷ እጅ እኮ ትንሽ ነው! ወንዱ ይለካት።»

ወንዱ ለካት። እንዲህ እየተባለ፣ ዓይታት የማታውቃትን ልጅ በስልክ ስንዝር እየለካች፣ ማታ መብራት ሲኖር በመብራት ሲጠፋ በኩራዝ፣ የካቲት ላይ ቢጫ ሹራብ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ሹራቧ የራሷን ኑሮ ኖረች። ሊመጣ የነበረ ሰው ቀረ። ሌላው ይዟት ደብረ ማርቆስ ደርሶ መንገድ ተዘጋበትና ዘመድ ቤት አስቀምጧት ተመለሰ። እዚያ ክረምቱን ከረመች። በመጨረሻ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ከበርበሬ ጋር በአንድ ፌስታል ታስራ ደረሰች። እኛ ሁላችን አስነጠሰን።

ልብሷ እንደማትገባ ለእማዬ መናገር አንደኛው ጭንቅ ነበር። ተመካከርን። ሐሳባችን (አሁን ስናስበው ያሳፍራል) በመስተዋት ፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ እንስቀላት የሚል ነበር። «መታሰቢያ ትሆናለች» ምናምን። ደውለን ነገርናት።

እማዬ ተቆጣች። «ልብስ የሚሠራው ለመልበስ ነው እንጂ ለማየት ነው? ልጅቷ በርዷት እናንተ ሥዕል ታደርጉታላችሁ? ተርትሩና ክሩን ላኩልኝ!»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ተቀምጠን መተርተር ጀመርን። ከታች መጀመር አይቻልም፤ ጨርሳ ከቋጠረችበት ከአንገቱ ነው። አንዳችን ስንስብ አንዳችን እንጠቀልላለን። አሥራ ሁለት ማታ የተሠራው ነገር በግማሽ ሰዓት ክር ሆነ። የአንገቱና የእጅጌው ጫፍ አረንጓዴ ነበር፤ ለማሳመር የገባ መስሎን ነበር። ወንድማችን አረንጓዴውን ሲጠቀልል እጁ ቆመ። ከአረንጓዴው ክር ጋር ቀጭን ቀይ ክር አብሮ እየወጣ ነበር።

ማንም አልተናገረም። ሕፃኗ ብቻ ክሩን ልትበላ ትታገላለች።

ማታ ደወልን። ወንድማችን ነው የጠየቃት። «እማዬ፣ ይኼ አረንጓዴው ከየት የመጣ ነው?»

«ጠፋ ያላችሁኝ ነዋ። ያኔ ጎተራው ሲታደስ አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? ልጅ የጠላውን ልብስ አገኘሁልህ ብዬ እንደገና ላልብሰው?»

«እስካሁን ለምን አስቀመጥሽው?»

«ክር ነዋ!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን፤ ቢጫው ክር መጨረሻው ላይ አነሳት፣ ፍኖተ ሰላም ወጥታ እንዳትገዛ መንገዱ ተዘጋ፣ ሳጥኗን ስትፈትሽ ያ አረንጓዴ ሹራብ እንደተጣጠፈ ነበር። «ለልጅቷ ሲሆን አትቀየሙም ብዬ ነው» አለች። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነበርን። የጠየቀችው ግን እሷ ሆነች።

እኛ የከተማ ልጆች ስጦታ መቀበል አናውቅም። መግዛት እናውቃለን፣ መጠቅለል እናውቃለን፣ «ውይ ለምን ተቸገርሽ» ማለት እናውቃለን። በእጅ የተሠራ ነገር ሲመጣልን ግን ወይ እናፍርበታለን ወይ እንሰቅለዋለን። ስድስተኛ ክፍል እያለን ደበቅነው፤ ትልቅ ሰው ሆነን ልንሰቅለው ፈለግን። ሁለቱም ያው አለመልበስ ነው። እማዬ ከኛ የምትፈልገው አድናቆት አልነበረም፤ የሚሞቀው ሰው ብቻ ነበር።

ክሩን አጥበን፣ መጠማዘዙን እንዲተው አንጠልጥለን አደረቅነው። ከዚያ የሕፃኗን ልክ በስንዝር መናገሩን ትተን፣ ከራሱ ከቢጫው ክር ቆረጥንና ሦስት ቦታ ቋጠርነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ደረቷ፣ ሁለተኛው ክንዷ፣ ሦስተኛው ከትከሻ እስከ ወገቧ። ወንድማችን በሰው ቁመቱ አዲስ አረንጓዴ ክር ገዝቶ ጨመረበት። ፌስታሉን አስረን፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አፈላልገን ሰጠን።

ይኼኛው መንገድ ቀንቶት በሁለት ሳምንት ደረሰ። እማዬ ደወለች።

«ልኩ ደርሶኛል» አለች። «ግን ሁለት ጋት ጨምሬበታለሁ።»

«ለምን? በደንብ ነው እኮ የለካናት!»

«እናንተንስ አምናችኋለሁ» አለች። «መንገዱን ነው የማላምነው።»