ከቤተ ሰብ ጋራ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ስለ መጓዝ

በድንኳን ማደር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው በአምባሰል ምድር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሰፈሩበት ነበር። ዛሬ ግን የበቅሎውን ሥራ በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ሊተካው ይችላል፤ መኝታውና ማድ ቤቱ በውስጡ ነውና ለልጆች ይመቻል።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ይደረሳል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም፤ ስለዚህ አባት ወንዶቹን ይዞ ሊሳለም ሲገባ፣ እናትና ሴቶች ልጆች የሚያርፉበትን ጥላ አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ሐይቁ ገባር እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የተጣለበት ሁሉ በውስጡ ይቀራል። ሳሙናና ጥራጊ ከዳር ይራቅ፤ ዓሣ አጥማጁ ከዚያ ይበላልና።

ወደ አምባሰል ተራራ ሲታሰብ ተሳቢውን ከከተማ ትቶ ድንኳኑን ብቻ መያዝ ይበጃል፤ በአቀበትና በጭቃ ላይ ክብደት ወደ ኋላ ይስባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰዎች መጠየቅ፣ መስፈሪያውንም ከባለ ይዞታው ማስፈቀድ ይገባል፤ ባዶ መስሎ የሚታየው ሜዳ የአንድ ቤት ከብቶች ግጦሽ ነውና።