የሽቦው ውፍረት

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከገባሁ ጀምሮ ታላቅ ወንድሜ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለኝ። በዚያች አሮጌ ኮሮላ ሰው እያመላለሰ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስመረቅ ግን እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ሆነ። ቤታችን ሶኬት ሲበላሽ እንኳ ሰው ነው የምንጠራው።

አምና ቦነስ ሳገኝ ለመኪናው አምፕሊፋየርና ዉፈር ገዛሁለት። «ራሴ ነኝ የምገጥምልህ» አልኩት። ውለታውን የምመልስ መስሎኝ ነበር። ሶማሌ ተራ ባለሱቁ «ምን ያህል ውፍረት ያለው ገመድ ልስጥህ?» ሲለኝ አውራ ጣቴን አሳየሁት። ያቀረበልኝ ቀይ ገመድ ወፍራም ነው፣ ዋጋውም ረከሰልኝ። ወሰድኩት።

ሁለት ወር ምንም አልሆነም። ከዚያ ወንድሜ ሰርግ አጀበ። ሙዚቃው እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ከኋላ ሦስት ሚዜዎች ያጨበጭባሉ። አንዷ «የላስቲክ ሽታ አለ» አለች። መኪናውን አቁሞ ሁሉንም አስወረደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ በባለ 10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። ምንጣፉን ሲያነሳ ገመዱ ቀልጦ ተጣብቆበታል።

ማታ ደወለልኝ። «ኢንጂነሩ፣ ብቅ በል እስቲ።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ገመዱን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ወፍራሙ ላስቲኩ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከክብሪት እንጨት ብዙም አይበልጥም። ስፍቀው ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ብረት ብቅ አለ። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ይሄ ከንጹህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የኤሌክትሪክ መቋቋም አለው።

ያን ሌሊት፣ ከመግዛቴ በፊት መሥራት የነበረብኝን ሒሳብ ሠራሁ። አምፑ ላይ 1200 ዋት ተጽፏል፤ መመሪያው ላይ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ግን 600 ነው። የሚበላውን ሁሉ ድምፅ ስለማያደርገው፣ 600 ለመስጠት 1000 ያህል ይወስዳል። መኪናው ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሲካፈል 70 አምፔር አካባቢ። ከባትሪው እስከ ኋላ ኮፈን ደግሞ 5 ሜትር ገመድ አለ። የኔ ሽቦ 5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ማለትም ባለ 10 ጌጅ ነበር። አምፑ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም ሽቦው ላይ 120 ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል። ሁለት የድሮ ባለ 60 አምፖል ምንጣፍ ሥር አብርቶ እንደመተው ነው።

ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ባለ 4 ጌጅ 21 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ንጹህ መዳብ ከሆነ ያ ሙቀት ወደ 20 ዋት ይወርዳል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሒሳብ ነው። ፈተና ላይ እስከ ሁለት ዴሲማል ሠርቼዋለሁ።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። አምፑ ላይ ሁለት ባለ 40 ፊውዝ ስላለ ባትሪው ጋ ሌላ አላደረግኩም። እነዚያ የሚጠብቁት አምፑን ነው። ገመዱ መሀል ላይ ተልጦ የመኪናውን ቦዲ ቢነካ፣ የባትሪውን ጉልበት የሚያስቆመው ምንም ነገር አልነበረም። ኮድ ላይ ስሳሳት ወደ ቀድሞው እመልሰዋለሁ። እዚህ ግን ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጧል።

እሁድ አብረን ገጠምነው። ባለ 4 ጌጅ መዳብ፤ ከባትሪው ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ባለ 80 ፊውዝ፤ ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ላስቲክ። የኔጌቲቩም ገመድ እኩል ውፍረት አለው፤ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀን ከብረቱ ጋር አሰርነው። ወንድሜ በስልኩ መብራት እያበራልኝ «ያኔ ይሄን ሁሉ አስልተኸው ነበር?» አለኝ።

«አላሰላሁም። ሽቦ ምን ያስቸግራል ብዬ።»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እኔም ኢንጂነር ነው ብዬ አልጠየቅኩህም» አለ።

ሙዚቃውን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ከዚያ ምንጣፉን ገልጦ ገመዱን በመዳፉ ጨበጠው፤ «አንተም ያዘው» አለኝ። ያዝኩት። አልጋለም።