ሪችመንድ ላይ የሚወሰነው፦ ስለ ስቴት የትምህርት ቦርድ ከተሞክሮዬ

ልጆቼን ያሳደግሁትም ያስተማርሁትም በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ሥርዓተ ትምህርቱ ከትምህርት ሚኒስቴር ይወርዳል፤ ቅሬታ ያለው ወላጅ በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) በኩል ይናገራል፣ ካልሆነም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ልጆቻችን ምን እንደሚማሩ አይወስንም። ሥልጣኑ የየስቴቱ ነው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ በዋና ከተማዋ በሪችመንድ የሚሰበሰቡ ዘጠኝ የቦርድ አባላት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለዓመታት ስብሰባቸውን ስከታተል፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ደብዳቤ ስጽፍ፣ ሲያስፈልግም ቆሜ ስናገር ያገኘሁትን ትምህርት አዲስ ለመጡ ወላጆች ይጠቅማል ብዬ እነሆ አካፍላለሁ።

1. ሁለት ቦርድ እንዳለ እወቁ

በቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በአጠቃላይ የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለስቴቱ የትምህርት ቦርድ ነው። አባላቱን አገረ ገዥው ለአራት ዓመት ይሾማል፣ የስቴቱ ምክር ቤት ያጸድቃል። ከእሱ በታች እያንዳንዱ ከተማና ካውንቲ የራሱ ስኩል ቦርድ አለው። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የዚህን አባላት የምንመርጠው እኛው ነዋሪዎቹ ነን። መምህር የሚቀጥረው፣ በጀት የሚደለድለው፣ የትኛው ሰፈር ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚወስነው ይህ የአካባቢው ቦርድ ነው። በየክፍሉ ሊታወቅ የሚገባውን ትምህርት፣ የምረቃ መስፈርቱን፣ የመምህራን ፈቃድ ደንቡንና የትምህርት ቤቶችን እውቅና የሚወስነው ግን የስቴቱ ነው። የአውቶቡስ ጉዳይ ይዞ ሪችመንድ መሄድም፣ የሒሳብ ትምህርቱ ይዘት ይሻሻል ብሎ የአካባቢውን ቦርድ መሞገትም ድካም ብቻ ነው።

2. የምረቃ መስፈርቱን ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሳይገባ ጠይቁ

በቨርጂኒያ መደበኛው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት፣ ከፍተኛው ደግሞ 26 ክሬዲት ይጠይቃል። ከእነዚህም መካከል ኤስ ኦ ኤል በሚባሉት የስቴቱ ፈተናዎችና በመሳሰሉት የሚረጋገጡ ክሬዲቶች አሉ። የእነዚህ ፈተናዎች መነሻ የሆኑትን የትምህርት መስፈርቶች ቦርዱ በአዲስ መልክ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ይህ ስሌት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ትራንስክሪፕቱን ይዛችሁ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተቀመጡ፤ የትኛው ክሬዲት እንደተቆጠረለት፣ የትኛው እንደቀረው በጽሑፍ ተቀበሉ።

3. ደንቡ ከምን ታሪክ እንደመጣ ማወቅ ያበረታል

በ1951 ፋርምቪል በተባለች የቨርጂኒያ ከተማ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስ የተጨናነቀው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትምህርት እንዲያቆሙ አስተባበረች። ጉዳዩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1954 በዘር የተለያየ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ከተባለባቸው ክሶች አንዱም ይኸው ነበር። ከተማዋ ያለችበት ካውንቲ ግን ነጭና ጥቁር አብረው ከሚማሩ ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። ብዙ ጥቁር ልጆች እነዚያን ዓመታት ያለ ትምህርት አሳለፉ። በ1971 ሥራ ላይ የዋለው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት በሁሉም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሊሟላ የሚገባውን የጥራት መስፈርት እንዲያወጣ የስቴቱን ቦርድ ያዝዛል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የቦርዱን ደንብ እንደ ተራ ወረቀት አላየውም። አንድ አካባቢ በልጆቹ ላይ ቢጨክን ከላይ የሚጠይቀው መኖር አለበት።

4. መናገር ከውሳኔ በፊት ነው

ከሁሉም በላይ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚቆጡት ውሳኔው ከወጣና ልጁ ቤት ይዞት ከመጣ በኋላ ነው። ቦርዱ ግን በሕግ ቢያንስ በየሰባት ዓመቱ የትምህርት መስፈርቶቹን መከለስ አለበት፤ በክለሳው ሂደትም ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል። በመደበኛው አሠራር አንድ የደንብ ረቂቅ ሲቀርብ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት 60 ቀን ይኖረዋል። በኅዳር 2022 የቀረበው የታሪክ ትምህርት ረቂቅ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ቦርዱ ሳይቀበለው አሳደረ፤ ብዙ ተስተካክሎ የጸደቀው በሚያዝያ 2023 ነው። ወላጆችና መምህራን ሰዓቱን ጠብቀው በመናገራቸው ረቂቁ ተለወጠ።

ስብሰባ ላይ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ያዙ። የረቂቁን ገጽ ጥቀሱ፣ ምን እንዲለወጥ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ጽሑፉን ለቦርዱ ጸሐፊ ስጡ። እንግሊዝኛው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ጽፋችሁ ላኩ፤ በጽሑፍ የገባውም ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል።

5. ገንዘቡ ያለው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው

ቦርዱ ለዚህን ያህል ተማሪ ይህን ያህል አማካሪ ያስፈልጋል ሊል ይችላል፤ ገንዘቡን የሚመድበው ግን የስቴቱ ምክር ቤት ነው፣ የቀረውን ከተማውና ካውንቲው ይሸፍናሉ። በ2023 የምክር ቤቱ የጥናት አካል የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከአገሪቱ አማካይ በ14 በመቶ ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ለቦርዱ የምትጽፉትን ደብዳቤ ግልባጭ በስቴቱ ምክር ቤት ላሉት የወረዳችሁ ተወካይና ሴናተር ላኩ።

6. አማርኛችን በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አለው

የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ መልእክት ያወጣሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው። ከፍተኛው ዲፕሎማ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይጠይቃል፤ በአካባቢያችን አማርኛ የሚጽፍ ልጅ ተፈትኖ ይህን ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል። በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ብቃቱን ያስመሰከረ ተማሪም በዲፕሎማው ላይ ልዩ ማኅተም ያገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የምታስቆጥሩ እናቶችና አባቶች፣ ድካማችሁ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

7. አገር ቤት ስታስተምሩ የነበራችሁ ተስፋ አትቁረጡ

የመምህርነት ፈቃድ ደንቡን የሚያወጣው የስቴቱ ቦርድ ነው። ዲግሪያችሁን እውቅና ባለው ድርጅት አስገምግሙ፤ የጎደለው ኮርስ ወይም ፈተና እስኪሟላ ድረስ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ። ክፍል ውስጥ የሚገቡ የእኛ መምህራን ለልጆቻችን ያስፈልጋሉ።

8. ለአንድ ልጅ ችግር ወረቀት ያዙ

አንዲት እኅታችን ልጇ እንዲገመገምላት በቃል ስትለምን ወራት አለፉ። አንድ ገጽ ጽፈን፣ ቀን አስቀምጠን ስናስገባ ግን የሕጉ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ በቨርጂኒያ የልዩ ፍላጎት ግምገማ ጥያቄው ከደረሰ በኋላ በ65 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ይህ ካልተከበረ አቤቱታ የሚቀርበው ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፣ ያውም ጥሰቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ። ቦርዱ ራሱ የአንድን ልጅ ጉዳይ አይዳኝም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚዳኝበትን ደንብ ግን ያወጣል። የአንዲት እናት ችግር የብዙዎች መሆኑን ስታዩ፣ ያን ጊዜ ለቦርዱ አብራችሁ ጻፉ።

9. ስቴት ስትቀይሩ እንደገና ጠይቁ

ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ሱፐርኢንቴንደንቱን የሚሾመው ቦርዱ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አገረ ገዥው። በቴክሳስ፣ በኮሎራዶና በዋሽንግተን ዲሲ የቦርድ አባላትን ሕዝብ ይመርጣል። ሚኔሶታና ዊስኮንሲን ጭራሽ የስቴት ቦርድ የላቸውም።

ወገኖቼ፣ ቨርጂኒያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሏት፤ የእኛም ልጆች ከእነሱ መካከል ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ የቦርዱን የስብሰባ አጀንዳ አንብቦ ለሌላው የሚነግር አንድ ሰው መድቡ። የአስተያየት ጊዜ ሲከፈት ያ ሰው ቀኑን ያሳውቅ፤ ሌሎቻችን እንጻፍ።