ስለ አንዲት ትንሽ የሽቦ አጥር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማኅተሙን ቈልፎ፥ መዝገቡን ከድኖ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ቢጠይቁኝ፥ የሌላውን አላውቅም፤ እኔ ግን አጥር አጥራለሁ ብዬ እመልሳለሁ። ያጠርሁትም አጥር እርሻ የሚጠብቅ፥ ከብት የሚከለክል አይደለም። ቁመቱ አራት ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱም ከአንድ ክንድ ብዙ የማይበልጥ፥ በአንዲት ሳንቃ ላይ የቆመ የሽቦ መረብ አጥር ነው። ከባልንጀሮቼ አንዱ ይህን በሰማ ጊዜ «ጤፍ መቍጠር ብቻ ቀረህ» ብሎ ሣቀብኝ። እኔም አብሬው ሣቅሁ። ዳሩ ግን ነገሩ ከሣቅ ያለፈ ምክንያት ነበረውና እነሆ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልነግራችሁ ተነሣሁ።

የምኖረው በንፋስ መውጫ ነው። ይህችን ከተማ ስም ያወጣላት ሰው ማንም ይሁን ማን አልዋሸም። በስተምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከጉና ተራራ የሚነሣው ነፋስ፥ በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ ወረቀት ይበትናል፤ ኩራዝ ያጠፋል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወርደው መንገድ በመካከላችን ያልፋል። ስለዚህ የከባድ መኪና ድምፅ ሌሊትም ቀንም አይለየንም። የባቡር ፉጨት ግን በጋይንት ተሰምቶ አያውቅም። የሰፈራችን ልጆች ከወዳደቀ ሽቦ መኪና ሠርተው፥ ቈርኪውን መንኰራኵር አድርገው በአቧራው ላይ ሲነዱ ይውላሉ እንጂ፥ ባቡር ሲሠሩ አላየሁም። ያላዩትን እንዴት ይሠራሉ?

እኔ ግን ሕፃን ሳለሁ አይቻለሁ። አባቴ ገና በጐልማሳነታቸው ከጋይንት ወጥተው ድሬዳዋ በምድር ባቡር ሥራ ገብተው ነበርና፥ በ1989 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች። በወልድያና በደሴ አድርገን አዲስ አበባ ገባን፤ ከለገሃርም ተሳፍረን የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ድሬዳዋ ደረስን። አስቀድመን የላክነው ደብዳቤ አልደረሳቸውም ነበርና የተቀበለን ሰው የለም። እናቴ እየጠየቀች ሐዲዱ ከሚበዛበት ስፍራ ወሰደችኝ፤ በሽቦ መረብ አጥር ፊት ቆመን ስማቸውን ጠራች። አባቴም ከወዲያ በኩል እየሮጡ መጡ። ስመውኝ አያውቁም፤ እኔም ፊታቸውን አላውቅም ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ቍራሽ ዳቦ አቀበሉኝ፤ ከዚያም አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ጀርባቸውን አዙረው እየሮጡ ሄዱ። ያን ጊዜ በሕፃን ልቤ «አፍሮብን ነው» አልሁ። ዳቦውን አልበላሁትም። በኋላ ሲመጡም ፊቴን አዞርሁባቸው።

ይህ ነገር በሆዴ ውስጥ ወደ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ። አሮጌው መሥመር ሥራውን ካቆመ በኋላ አባቴ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እንደ ሥርዓቱ አከብራቸዋለሁ፤ እግራቸውን አጥባለሁ፤ አስቀድሜ አቀርብላቸዋለሁ። ነገር ግን ጨዋታ የለንም። «ደኅና አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአጥር ወዲያና ወዲህ እንደ ቆሙ ያህል ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምት አንድ የትምህርት ቤት መምህር ወዳጄ ለተማሪዎቹ ስለ ምድር ባቡር ታሪክ እንድነግርለት ለመነኝ። ያነበብሁትን ሰበሰብሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፥ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ስፍራ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ወደ እርስዋ ሳይወጣ በቈላው ቀረ፤ ድሬዳዋም ከዚህ የተነሣ ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የለገሃርም ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መሥመር የተመረቀው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ በቃል መናገር ይቻላል። ነገር ግን ባቡር አይተው ለማያውቁ ልጆች ቃል ብቻ ምን ይጠቅማል? አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሠርቼ ላሳያቸው ቈረጥሁ።

በአውሮፓ ይህ ሥራ የቈየ ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በልክ በልኩ የተሠራ የመጫወቻ ባቡር ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ በትንንሽ ባቡር ተራራውን፥ ድልድዩን፥ ጣቢያውን በቤታቸው ይሠራሉ። የሥራው ምሥጢር ልክን መጠበቅ ነው። እኔ የመረጥሁት የሃምሳኛ እጅ ነው፤ ማለት አንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለ ነበረ በእኔ ሳንቃ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ስሌቱም ቀለለልኝ። ፉርጎውን ከቈርቈሮ፥ ሐዲዱን ከሽቦ፥ ጣቢያውን ከካርቶን ሠራሁ። ያስቸገረኝ አጥሩ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የሽቦ መረብን ልብ ብለው ተመልክተው ያውቃሉን? አንዱ ሽቦ እንደ መጋዝ ጥርስ ወዲህና ወዲያ ይታጠፍና በጎረቤቱ እጥፋት ውስጥ ይገባል፤ ያኛውም እንዲሁ ሦስተኛውን ይይዛል። ስለዚህ ሽመና ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ቻርልስ ባርናርድ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. የሽቦ መረብ የሚሠራበትን መኪና ያወጣው የሸማኔን ዕቃ አይቶ ነው። ሽቦውም እንዳይዝግ ዚንክ ይለበጣል፤ ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ በውስጡ ያለውን ብረት ያተርፋል። የመረቡ አንድ ዓይን አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በእኔ ልክ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የሽቦው ውፍረትማ ከሰው ጠጕር አይበልጥም። ይህን በጣቴ ልሸምነው እንደማልችል ገባኝና ተሸምኖ የተገኘ ነገር ፍለጋ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ከስማዳ ቈላ ዘመድ ያመጣው የአጎበር ቍራጭ ሞከርሁ። ዓይኑ ሰፊ ነው፤ በልኬ ሳስበው ጠቦት የሚያሾልክ አጥር ሆነ። ቀጥሎ ፋሻ ወሰድሁ፤ ክሩ ለስላሳና ጠጕራም ስለሆነ አጥሩ ሱፍ የለበሰ መሰለ። ሦስተኛ የወንፊት ሽቦ ሞከርሁ፤ እርሱም ዓይኑ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ መስኮት እንጂ አጥር አይመስልም። ተስፋ ቈርጬ ሳለሁ ባለቤቴ የሠርጓን አይነ ርግብ ከሣጥን አውጥታ በፊቴ ዘረጋችው። እያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነበረ!

«እንዴት አድርጌ እቈርጠዋለሁ?» አልኋት።

«ጠርዙን ቍረጥ» አለችኝ። «ፊቴን የሸፈነውን መካከሉን ግን እንዳትነካ።»

የአይነ ርግብ ዓይን በተፈጥሮው ስድስት ማዕዘን ነው። ነገር ግን በአንድ ወገን ሳብ አድርገው ሲወጥሩት ጎኖቹ ይጠጋጉና በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ይመስላል። መወጠሩን የተማርሁት ከብራና ፋቂዎች ነው። በልጅነቴ ቆዳውን በዕንጨት ክፈፍ ላይ በጠፍር ጥግ ጥጉን ይዘው፥ ዛሬ ትንሽ፥ ነገ ትንሽ እያሉ ሲስቡት አይ ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚስብ ሰው ይቀደዋል። እኔም ጨርቁን በትንሽ ክፈፍ ላይ በመርፌ ቍልፍ ይዤ፥ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀብቼ፥ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም አደረግሁት። ኮላው በዓይኖቹ ውስጥ እንዳይቀር ሳይደርቅ እፍ ማለት ያስፈልጋል። በዚህ አገር እፍ የሚል አላጣሁም፤ መስኮቱን ብከፍት በቃ።

ምሰሶዎቹን የሠራሁት ግንበኞች ብረት ከሚያስሩበት ሽቦ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በልኬ የአምስት ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ይሆናል። የተጣመመውን በሁለት ሳንቃ መካከል አድርጌ እያንከባለልሁ አቀናሁት። በየስድስት ሳንቲ ሜትሩ ሳንቃውን በስቼ ተከልኋቸው፤ በላያቸውም አንድ አግዳሚ ሽቦ አጋደምሁ። ሥዕሉን በወረቀት ላይ ነድፌ፥ ወረቀቱን ኮላ እንዳይዘው በጧፍ ሰም አሽቼ፥ መረቡን ከምሰሶው ጋር በዚያ ላይ አጣበቅሁ። ግራጫ ቀለም በስፖንጅ ነካ ነካ አደረግሁበት፤ በቡሩሽ ቢቀቡት ዓይኑ ይደፈናልና። እነሆ በሦስት ሳምንት አጥሬ ተፈጸመ። ቀጥ ያለ፥ የጸዳ፥ አንዲት ነቍጥ የማይወጣለት ነበረ። ኰራሁ።

አባቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በዝምታ ያዩኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን በምርኵዛቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ጐንበስ ብለውም ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህ አጥር ትናንት የተተከለ ነው» አሉ።

«አንቱ የሚያውቁት እንዴት ያለ ነበረ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከሥሩ ተነሥቶ ፍየል ይገባበት ነበር። ልጆች ስለሚንጠላጠሉበት ከላይ ወደ ውስጥ ጐንበስ ብሏል። ዝገቱም ከታች ከአፈሩ ይጀምራል እንጂ ከላይ አይደለም።» ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ደግሞ ያቺ ቀዳዳ የታለች?» አሉ።

«የትኛዋ ቀዳዳ?»

«ዳቦ ያቀበልሁህ ናታ!»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሰዓት ምን እንደ ተሰማኝ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እኔ ብቻ የማስታውሰው፥ እርሳቸው የረሱት ይመስለኝ ነበርና። አባቴም ተቀመጡና በሕይወታቸው ሙሉ ከነገሩኝ የበለጠ በዚያች ማታ ነገሩኝ።

«የሐዲድ መለወጫ ጠባቂ ነበርሁ» አሉኝ። «ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት ባቡር እየደረሰ ነው፤ ድምፁ ይሰማል። በአንደኛው ሐዲድ ላይ ባዶ ፉርጎዎች ቆመዋል፥ ከሥራቸውም ሠራተኞች አሉ። መለወጫውን በጊዜው ካላዞርሁት ባቡሩ በነዚያ ሰዎች ላይ ይሄዳል። ከአጥሩ እስከ ዘንጉ ዐሥር እርምጃ ነው፤ በሩ ግን ከማዶ ነበር። በበሩ ዞሬ ላቅፍህ ጊዜ የለኝም። በኪሴ የነበረው የምሳዬ ዳቦ ነውና እርሱን ሰጥቼህ ሮጥሁ። ባቡሩ ካለፈ በኋላ በበሩ ዞሬ ስመጣ አንተ ፊትህን አዞርህ። ልጅ ነው፥ ይለምደኛል አልሁ። ሳትለምደኝ አደግህ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«አንተስ መች ጠየቅኸኝ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ሁሉ የሰውን አቤቱታ ሳልሰማ አልፈርድም እያልሁ የምመጻደቅ ሰው፥ በገዛ አባቴ ላይ በሰባት ዓመቴ የፈረድሁትን ፍርድ አንድ ጊዜ እንኳ መዝገቡን ገልጬ አልመረመርሁም ነበር።

በማግሥቱ አጥሬን አበላሸሁት። ሥሩን በወረንጦ እያነሣሁ አጣመምሁ፤ ከላይም በጣቴ ጫን ጫን ብዬ አጐበጥሁት። ቀይ አፈር በውኃ በጥብጬ ከምሰሶዎቹ ግርጌ ቀባሁ፤ ዝገት መሰለ። ቀዳዳዋን ለመቅደድ ምላጩን የያዝሁ እኔ ነኝ፥ የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣልና። ስፍራዋን ግን እርሳቸው በጣታቸው አሳዩኝ። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ከአጥሩ በዐሥር እርምጃ ልክ፥ ማለት ወደ ዐሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ርቆ፥ ከክብሪት ዕንጨት የመለወጫ ዘንግ ተከልሁ።

ተማሪዎቹ መጥተው አዩት። ታሪኩን ሁሉ፥ ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ ነገርኋቸው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላቸው ፉርጎው ነው። አንዲት ልጅ ብቻ ጐንበስ ብላ አጥሩን ስታይ ቈይታ፥ «ጋሼ፥ እዚህ ጋ ተቀዷል፤ ልስፋልዎ?» አለችኝ። «ተይው፤ ሰው የተቀባበለበት ነው» አልኋት።

እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከቤተ ሰባችን ይልቅ ከዘንጋችን ጋር የምንውልበት ቀን ብዙ ነው። ልጆቻችንም ከአጥሩ ማዶ ቆመው ሩጫችንን ብቻ ያያሉ። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ግን የሮጥንበትን ምክንያት ቃል አውጥቶ መንገር ይገባል፤ ልጅም ቢሆን መጠየቅ ይገባዋል። እኔና አባቴ ለዚህ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀብን።

ሳንቃው ዛሬ በቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ይገኛል። ማታ ማታ ልጄ ፉርጎውን በእጇ ትገፋለች፤ አያቷም ከክብሪት ዕንጨቱ ላይ ጣታቸውን አኑረው፥ «ቈይ፥ መለወጫውን ሳልይዝ እንዳትገፊ!» ይሏታል። እርስዋም ትጠብቃቸዋለች።